የሩሱሞ ጠለፋ፦ ሦስት አገሮችና አንድ የድንበር ወንዝ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው አባባል ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ አባባሉ ለሌሎቹ የዓባይ ልጆችም የሚስማማ ነው። ከነጭ ዓባይ መነሻዎች አንዱ በሆነው በካጌራ ወንዝ ግራና ቀኝ የሚኖሩ የሩዋንዳ፣ የቡሩንዲና የታንዛኒያ አርሶ አደሮች ወንዛቸው ሌት ተቀን ከገደል ወደ ገደል እየተወረወረ ሲያልፍ እየሰሙ፣ ሲመሽ ግን በኩራዝ ብርሃን ሲያመሹ ኖረዋል። እስከ 2013 ድረስ እንኳን በቡሩንዲ ከ10 ሰዎች መካከል የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ የሆነው አንድ አይሞላም ነበር።

ዛሬ በዚሁ ወንዝ ላይ፣ ሩሱሞ በተባለው ፏፏቴ፣ 80 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ቆሟል። ጣቢያው የሦስቱ አገሮች የጋራ ንብረት ሲሆን የሚያመነጨውንም ኃይል እኩል ይካፈላሉ። እዚህ ደረጃ ላይ ለመድረስ ግን ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ፣ አንድ የፈረሰ ድርጅትና በታሪክ የማይረሳ እልቂት ታልፏል። የዚህን ወንዝ ታሪክ ማወቅ በጋራ ለሚሠራ ሁሉ ጠቃሚ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይሏል።)

ወንዙና ፏፏቴው

ካጌራ የሁለት ታላላቅ ገባሮች ውጤት ነው። አንደኛው ከሩዋንዳ ደጋ የሚወርደው ኒያባሮንጎ ሲሆን ሁለተኛው ከቡሩንዲ የሚመጣው ሩቩቡ ነው። የሩቩቡ የሩቅ ምንጭ በደቡብ ቡሩንዲ የሚገኝ ሲሆን፣ ከዓባይ ምንጮች ሁሉ ወደ ደቡብ የራቀው ይህ ነው በሚል በ1930ዎቹ በሥፍራው ትንሽ የድንጋይ ፒራሚድ ተሠርቶለታል።

ካጌራ በመጀመሪያ ሩዋንዳን ከቡሩንዲ ይለያል። ከዚያም ሩቩቡን ከተቀበለ በኋላ ጥቂት እንደሄደ ሩሱሞ ላይ በጠባብ የድንጋይ በር ተጨንቆ ወደ 15 ሜትር ያህል ይወረወራል። ከፏፏቴው በታች ሩዋንዳን ከታንዛኒያ እየለየ፣ በሐይቆችና በደንገል በተሸፈኑ ረግረጎች መካከል ወደ ሰሜን ይጓዛል። በመጨረሻም ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የታንዛኒያንና የኡጋንዳን ወሰን እየነካካ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይገባል። ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ እርሱ ነው። እንግዲህ አንድ ወንዝ የአራት አገሮችን መሬት ያጠጣል፤ ከአንድም ሦስት ቦታ ላይ ወሰን ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው።

ወንዙ ድንበር የሆነበት ሁኔታ

ሩሱሞ ከጥንት ጀምሮ የመሻገሪያ በር ነው። ከላይም ከታችም ወንዙ በሰፊ ረግረግ የተከበበ በመሆኑ፣ ሁለቱ ዳርቻዎች ተቀራርበው የሚተያዩበት አመቺ ሥፍራ ይኸው ፏፏቴ ነው። ጀርመናዊው ፎን ጎትሰን በ1894 ወደ ሩዋንዳ የገባው በዚሁ በኩል ነበር። በዚያን ዘመን የዛሬዎቹ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲና የታንዛኒያ ዋና ምድር በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ሥር ተጠቃለው ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ይህን ለወጠው። በ1916 የቤልጂግ ጦር ሩዋንዳንና ቡሩንዲን ከጀርመኖች ያዘ፤ ታንጋኒካ ደግሞ የእንግሊዝ ድርሻ ሆነች። በ1919 ሁለቱ መንግሥታት ባደረጉት ስምምነት፣ እንግሊዞች ከሰሜን ወደ ደቡብ ሊዘረጉት ላሰቡት የባቡር ሐዲድ መተላለፊያ እንዲሆን የሩዋንዳ ምሥራቃዊ ክፍል የሆነው የጊሳካ አገር ተቆርጦ ተሰጣቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሬቱ ለሩዋንዳ ተመለሰና ካጌራ ወሰን ሆኖ ቀረ። በዚህ ሁሉ ውስጥ በወንዙ ዳርና ዳር የሚያርሰውን ገበሬ የጠየቀው አልነበረም።

ወንዝ ድንበር ሲሆን ግን የውኃው ጉዳይ መከተሉ አይቀርም። በኅዳር 1934 እንግሊዝና ቤልጂግ ለንደን ላይ ስለ ድንበሩ ውኃ አጠቃቀም ተዋዋሉ። የውሉ ዋና ሐሳብ ከወንዙ የተጠለፈ ውኃ ወደ ሌላው ግዛት ከማለፉ በፊት ብዙ ሳይቀነስ ወደ ተፈጥሮ መሄጃው ይመለስ የሚል ነበር። በመስኖ የሚጠቀም ማንኛውም አርሶ አደር ይህን ሕግ ሳይጻፍ ያውቀዋል፤ የላይኛው ተጠቃሚ ውኃውን ካስቀረ የታችኛው ጎረቤት ጠላት ይሆናል። ይህ ሐሳብ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሩሱሞ ጣቢያ አሠራር ላይ እንደገና ብቅ ማለቱ የሚያስገርም ነው።

የ1977ቱ ውጥንና የገጠሙት እንቅፋቶች

አገሮቹ ነፃነታቸውን ካገኙ በኋላ ወንዙን በጋራ የማልማት ሐሳብ ተነሣ። በነሐሴ 1977 የሩዋንዳ፣ የቡሩንዲና የታንዛኒያ መንግሥታት እዚያው ሩሱሞ ላይ ተሰብስበው የካጌራ ተፋሰስ ድርጅትን አቋቋሙ። መሥሪያ ቤቱ ኪጋሊ ላይ እንዲሆን ተደረገ፤ ኡጋንዳም በ1981 አባል ሆነች። ድርጅቱ ከያዛቸው ዕቅዶች ዋነኛው የሩሱሞ ግድብና የኃይል ማመንጫ ነበር። ከዚህም ሌላ መንገድ፣ የባቡር ሐዲድ፣ እርሻ፣ የቆላ ዝንብ መከላከልና ሌሎችም ሥራዎች ተዘርዝረው ነበር።

ዕቅዱ ብዙ፣ ገንዘቡ ግን ጥቂት ሆነ። በዚያ ላይ ሰላም ጠፋ። ድርጅቱ በተመሠረተ በዓመቱ፣ በጥቅምት 1978፣ የኢዲ አሚን ጦር ከካጌራ ወንዝ በስተ ሰሜን ያለውን የታንዛኒያ መሬት ወረረ፤ በወንዙ ላይ የነበረውንም የኪያካ ድልድይ አፈረሰ። ታንዛኒያ ወራሪውን አስወጥታ በ1979 የአሚንን መንግሥት እስከ መጣል ደረሰች። በ1990 ደግሞ ሩዋንዳ ውስጥ ጦርነት ተጀመረ። በጥቅምት 1993 የቡሩንዲው ፕሬዚዳንት ንዳዳዬ ተገደሉና አገሪቱ ለዓመታት በዘለቀ የእርስ በርስ ጦርነት ተዘፈቀች።

ከዚህ ሁሉ የከፋው በ1994 የደረሰው ነው። በሚያዝያ ወር በተጀመረው የሩዋንዳ የዘር ማጥፋት የተገደሉ ብዙ ሰዎች ወደ ወንዞቹ ተጣሉ። አስከሬኖቹ በኒያባሮንጎና በካጌራ ተንሳፈው፣ በሩሱሞ ፏፏቴ ተወርውረው ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሱ። የኡጋንዳ ዓሣ አጥማጆችና ነዋሪዎች ማንነታቸውን የማያውቋቸውን ሙታን እያወጡ ቀበሩ፤ የሐይቁን ዓሣ የሚገዛም ጠፋ። በዚያው ሚያዝያ 28 እና 29፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ብቻ፣ ወደ 250,000 የሚጠጋ ሕዝብ የሩሱሞን ድልድይ ተሻግሮ ታንዛኒያ ገባ። ድልድዩን የሚሻገር ሰው ወደ ታች ከተመለከተ የሚያየው በፏፏቴው ሥር የሚሽከረከረውን የሰው ገላ ነበር።

ከዚህ በኋላ በዚያ ሥፍራ ስለ ኤሌክትሪክ ማውራት ለብዙዎች የማይታሰብ ነበር። የካጌራ ተፋሰስ ድርጅትም እንደ ተዳከመ ቆይቶ በ2004 ፈረሰ። ከ27 ዓመት በኋላ ሩሱሞ ላይ አንዲት አምፖል ሳይበራ ማለት ነው።

ግድብ ወይስ ጠለፋ?

ሐሳቡ ግን አልሞተም። በየካቲት 1999 የተፋሰሱ አገሮች ዳሬ ሰላም ላይ የናይል ተፋሰስ ትብብርን መሠረቱ። አገራችን ኢትዮጵያም ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። በዚህ ትብብር ሥር የምሥራቅ ናይል አገሮች ጽሕፈት ቤት አዲስ አበባ ላይ፣ የላይኞቹ የሐይቆች አካባቢ አገሮች ጽሕፈት ቤት ደግሞ ኪጋሊ ላይ ተቋቋመ። የቆየውን የሩሱሞ ጥናት አቧራውን አራግፎ ያነሣው የኪጋሊው ጽሕፈት ቤት ነው።

ጥናቱ ሲታደስ የቀረበው ትልቁ ጥያቄ ግድቡ ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለው ነበር። ጥያቄው የመሐንዲስ ብቻ ቢመስልም ዋናው ባለጉዳይ አርሶ አደሩ ነው። ለምን ቢባል፣ ከውኃ የሚገኝ ኃይል በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በሚወርደው ውኃ መጠንና በሚወርድበት ከፍታ። በሰከንድ አንድ ሜትር ኪዩብ ውኃ ከአንድ ሜትር ከፍታ ቢወርድ የሚሰጠው ኃይል 10 ኪሎዋት አይሞላም። ስለዚህ ኃይል ለመጨመር አንድም ውኃ ማከማቸት፣ አንድም ከፍታ መጨመር ያስፈልጋል። ሁለቱም የሚገኙት ግድቡን ከፍ በማድረግ ነው። ግድቡ ከፍ ሲል ግን ውኃው ወደ ኋላ ይተኛል። ከሩሱሞ በላይ ያለው መሬት ደግሞ ሜዳማ በመሆኑ ጥቂት ሜትር ብቻ መጨመር ብዙ መሬት ያሰምጣል።

በዚህ ሜዳ ላይ የሩዋንዳና የቡሩንዲ ገበሬዎች ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲሸሽ በረግረጉ ዳር ስኳር ድንችና ባቄላ የመሳሰሉትን ያመርታሉ። እንደ አገራችን ባሕር ሸሽ እርሻ መሆኑ ነው። ኮረብታው በሕዝብ ተጨናንቆ ባለቀበት አገር፣ በበጋ የሚታረስ እርጥብ መሬት የቤተሰብ ነፍስ ማቆያ ነው። ለዚህ መሬት ምትክ ማግኘት ከባድ ብቻ ሳይሆን ጨርሶ የማይቻል ሊሆንም ይችላል።

ቀድሞ የቀረበው ዕቅድ ውኃውን ከፍ አድርጎ 90 ሜጋዋት ገደማ ለማመንጨት ነበር። በኋላ ግን በሚሰምጠው መሬትና በሚፈናቀለው ሕዝብ ምክንያት ያ ዕቅድ ቀርቶ፣ ወንዙ በዕለቱ ባመጣው ውኃ ብቻ የሚሠራ የ80 ሜጋዋት ጣቢያ ተመረጠ። ልዩነቱን በመስኖ ቋንቋ መግለጽ ይቻላል። አንደኛው ግድብ ነው፤ የክረምቱን ውኃ አጠራቅሞ ለበጋ ያስቀምጣል። ሁለተኛው የወንዝ ጠለፋ ነው፤ ውኃውን በአጭር ግንብ አቅጣጫ ያስቀይረዋል እንጂ አያስቀረውም። በየገጠሩ የምናውቀው የውኃ ወፍጮም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ውኃው በቦይ መጥቶ መዘውሩን ካዞረ በኋላ ተመልሶ ወደ ወንዙ ይገባል።

በሩሱሞም የተደረገው ይኸው ነው። ከፏፏቴው በላይ መዝጊያና መክፈቻ ያለው ዝቅ ያለ ግድብ ተሠራ። ውኃው ከዚያ ተጠልፎ በዋሻ ውስጥ ያልፍና በታንዛኒያ በኩል ባለው የማሽን ቤት ሦስት ተርባይኖችን አዙሮ ከፏፏቴው በታች ወደ ካጌራ ይመለሳል። ተርባይኖቹ ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ቪክቶር ካፕላን በፈጠረው ዓይነት የተሠሩ ናቸው። ክንፎቻቸው እንደ ውኃው መጠን ስለሚስተካከሉ፣ ከፍታው አነስተኛ ለሆነና ፍሰቱ ከወቅት ወደ ወቅት ለሚለዋወጥ ወንዝ ይመቻሉ።

እዚህ ላይ አንድ ሊተኮርበት የሚገባ ነገር አለ። በጠለፋ የሚሠራ ጣቢያ ውኃ የሚያጠራቅምበት የለውም። ታዲያ በበጋ ምን ያዞረዋል? የካጌራ ረግረጎችና ሐይቆች የክረምቱን ጎርፍ ይዘው በዝግታ ስለሚለቁት ወንዙ በበጋም ጨርሶ አይደክምም። ደንገል የበቀለበት ረግረግ ለዘመናት ያለ ሲሚንቶና ያለ ብረት የግድብን ሥራ ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው። በመሆኑም በዕቅዱ የተነሣ የቀሩት 10 ሜጋዋቶች የገበሬውን መሬት ብቻ ሳይሆን የጣቢያውን የራሱን የውኃ ጎተራም አትርፈዋል።

ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው

ሦስቱ መንግሥታት በ2012 የጋራ ስምምነታቸውን ፈረሙ፤ ለሥራው የሚሆን የሩሱሞ የኃይል ኩባንያም አቋቋሙ። በነሐሴ 2013 የዓለም ባንክ ለጣቢያው ግንባታ 340 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ ለእያንዳንዱ አገር 113.3 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ነው። ኃይሉን ወደ ሦስቱ አገሮች ለሚያደርሱት መስመሮች ደግሞ የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ሰጠ። መስመሮቹ አንዱ ወደ ጊቴጋ፣ አንዱ በቡጌሴራ በኩል ወደ ኪጋሊ፣ አንዱ ወደ ታንዛኒያው ኒያካናዚ ይሄዳሉ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለአንዱ አገር ብቻ ቢሆን የሚከብደው ወጪ ለሦስት ሲከፈል ቀለለ። ከዚህ በላይ የሚያስደንቀው ግን የድርሻው አከፋፈል ነው። በ2012 በተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች ታንዛኒያ ወደ 45 ሚሊዮን፣ ሩዋንዳ ደግሞ 10.5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራቸው። የማሽን ቤቱ የቆመው ታንዛኒያ ምድር ላይ ነው፤ ከወንዙ ውኃ ከፍተኛው ክፍል የሚመጣው ደግሞ ከሩዋንዳና ከቡሩንዲ ኮረብታዎች ነው። «እኔ እበልጣለሁ» ለማለት ለሁሉም ምክንያት አልጠፋም። ሆኖም የተስማሙት በእኩል ድርሻ ነው። ከ80 ሜጋዋት እያንዳንዱ የሚደርሰው 26.7 ያህል ነው። ትልቁም ትንሹም አባል አንድ ድምፅ ያለው መሆኑን የሚያውቅ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ይህን ውሳኔ ለመረዳት አይቸገርም።

ጣቢያው በሚሠራበት አካባቢ ያለው ሕዝብም መስመሩ በላዩ አልፎ ወደ ከተማ እንዲሄድ ብቻ እንዳይተው፣ በታንዛኒያ ለንጋራ፣ በሩዋንዳ ለኪሬሄና ለንጎማ፣ በቡሩንዲም ለቡሶኒና ለጊቴራኒ ነዋሪዎች የሚውል የአካባቢ ልማት ገንዘብ በፕሮጀክቱ ተያዘ። ግንባታው በ2017 ተጀመረ። ሥራው ከታሰበው ጊዜ በላይ ዘግይቶ፣ በመሐል የኮሮና ወረርሽኝም ደርሶበት፣ በ2023 ጣቢያው ኃይል መስጠት ጀመረ። የካጌራ ድርጅት ውል ሩሱሞ ላይ ከተፈረመ 46 ዓመት ሆኖት ነበር።

መገንባትና ማቆየት

መገንባት አንድ ነገር ነው፤ አብሮ ማስተዳደር ሌላ ነው። ለዚህ ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሩዋንዳና በኮንጎ ድንበር በሚፈሰው የሩዚዚ ወንዝ ላይ፣ ቡሩንዲ፣ ሩዋንዳና የያኔዋ ዛየር በጋራ ያቋቋሙት ሩዚዚ ሁለት የተባለ ጣቢያ ከ1989 ጀምሮ አለ። እርሱም በጠለፋ የሚሠራና የሦስት አገሮች ንብረት ነው። ማሽኑ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ሳይቋረጥ ለማገልገል ቢጥርም፣ ኃይሉን የሚወስዱት ተቋማት ሒሳባቸውን በወቅቱ ባለመክፈላቸው ውዝፍ ዕዳ ተጠራቅሞ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ እስከ ማጣት የደረሰበት ጊዜ ነበር። የጋራ ንብረትን ከጦርነት ይልቅ ያልተከፈለ መዋጮ ቀስ ብሎ ሊገድለው እንደሚችል ሩዚዚ አሳይቷል። ሩሱሞም የሚፈተነው በዚሁ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ከኮረብታው ላይ የሚመጣ ነው። በካጌራ ተፋሰስ ያለው መሬት ተዳፋትና በሕዝብ የተጨናነቀ ነው። እርከን ያልተሠራለት ማሳ ዝናብ ሲመታው አፈሩ ታጥቦ ወንዝ ይገባል፤ ደለሉ የጠለፋውን አፍ ይደፍናል፣ አሸዋውም የተርባይኑን ብረት እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከአፈሩ ጋር የሚታጠበው ማዳበሪያ ደግሞ እምቦጭን ያፋፋል። በጣና ሐይቅ ላይ የምናውቀው ይህ መጤ አረም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቪክቶሪያ ሐይቅን ያጥለቀለቀው በአብዛኛው በካጌራ በኩል እየተንሳፈፈ በመግባት ነው። ይህን በመገንዘብ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከ2010 ጀምሮ በአራቱ የተፋሰሱ አገሮች ከገበሬዎች ጋር የአፈርና ውኃ ጥበቃ ፕሮጀክት አካሂዷል። ሩዋንዳም በኮረብታዎቿ ላይ ሰፋፊ እርከን መሥራቷ ይታወቃል።

እንግዲህ በማሳው ላይ እርከን የሚሠራ የኒያባሮንጎ ወይም የሩቩቡ ገበሬ፣ ሳያውቀው የሩሱሞ ጣቢያ ሠራተኛ ነው። አፈሩን ሲያስቀር ምርቱን ያድናል፤ ውኃውን ወደ መሬት ሲያሰርግ ደግሞ የበጋውን ፍሰት ይጨምራል። ጣቢያው ውኃ የሚያጠራቅም ግድብ ስለሌለው፣ ላይ ያለው ማሳ የሆነውን ሁሉ እርሱም ይሆናል።

በ1994 ያን መከራ ተሸክሞ ያለፈው ወንዝ ዛሬ በሦስት መስመር ብርሃን ይልካል። በሦስቱም አገሮች ያለው ፍላጎት ከዚህ በእጅጉ ስለሚበልጥ 80 ሜጋዋት ሁሉን ቤት አያበራም። ነገር ግን ትልቅ ግድብ አንሠራም፣ የገበሬውን መሬት አናሰምጥም፣ የተገኘውንም እኩል እንካፈላለን ብለው የተስማሙ ጎረቤቶች ቀጣዩን ሥራ ለመጀመር ከዜሮ አይነሡም። ውሉ እንዳይፈርስ የሚያደርገው ግን ፊርማው አይደለም። በየወሩ የሚከፈለው ሒሳብና በየዓመቱ የሚጠገነው እርከን ነው።